የፊልም ዋስ

አዲስ የተወቃ ገብስ አቧራው አፍንጫዬን ሲነካኝ ዛሬም ድረስ ከኋላዬ ሽጉጥ የሚተኮስ ይመስለኛል። ጥፋቱ የገብሱ አይደለም። እኔና እኩዮቼ ፊልም የሚባለውን ነገር ያየነው እህል መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ነው።

መጋዘኑ የሐጂ ሰይድ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው ዳር። ሐጂ ክረምቱን ሙሉ እህላቸውን ሲሸጡ ከርመው መስቀል ሲደርስ ቤቱ ባዶውን ይቀራል፤ አይጦቹ እንኳ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ይጁቤ ይሰደዱ ነበር። ጋሽ ደጉ የሚመጣው ያኔ ነው። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግሮ፣ በየዓመቱ ሁለት አዳዲስ ፊልሞች ከአዲስ አበባ ይዞልን ይመጣና አዲሱ እህል እስኪገባ መጋዘኑን ይከራያል። አንዱን ቅዳሜ፣ አንዱን እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱንም ቆራርጦ በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ስለሚያሳየን "ጋሽ መቀስ" እንለዋለን። የፊልሙ ጀግና ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ እንደተንጠለጠለ ማሽኑን ያጠፋና "የቀረውን ለሳምንት" ይላል። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ እንደተንጠለጠለ ይከርማል።

መግቢያው እንቁላል ነበር። የሐጂ ባለቤት እትዬ ዘይነብ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን እንቁላል ወደ ፀሐይ አንስተው ይመረምራሉ። ካልጣማቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ይህን መልሰህ እናቱ ሥር አድርገው፤ ጫጩት ሊሆን ሲል ነው የሰረቅኸው" ይላሉ። በዚያ ወራት የከተማው ዶሮዎች ከሐሳብ ብዛት ቆቅ አክለው ነበር። የሁለት ፊልም እንቁላል የሚችል ዶሮ በማንም ቤት ስላልነበረ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ምርጫው ደግሞ የግል ጉዳይ አልነበረም፤ ሰፈሩ በሙሉ አንዱን ያያል። ለብቻው ሌላውን ያየ ልጅ ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከማን ጋር ያወራዋል? የማይወራ ፊልም ምኑን ፊልም ሆነ።

የምንመርጠው በችሎት ነው። አባቶቻችን ለአንድ ክንድ ድንበር ዕድሜያቸውን የሚሟገቱ ስለነበሩ እኛም ከጥርሳችን ቀድሞ ያበቀልነው ሙግት ነው። ጋሽ ደጉ የፊልሞቹን ሥዕል በመጋዘኑ በር ላይ የሰቀለ ዕለት እንሰበሰባለን። ዳኛው የታወቀ ነው፤ የነገረ ፈጁ ልጅ ዘውዱ፣ የተደፋ ቁና ላይ ተቀምጦ። ለየፊልሙ አንዳንድ ጠበቃ ይነሳና ነጠላውን አደግድጎ ይሟገታል። የረታው ዋስ ይጠራል። ፊልሙ የማይረባ ሆኖ ከተገኘ ጠበቃውም ዋሱም ይቀጣሉ። ቅጣቱ ዱላ ቢሆን ደግ ነበር፤ ዱላ በየቤታችንም አልጠፋም። ቅጣቱ ዝምታ ነው። እስከሚመጣው መስቀል ከእኩዮችህ አንድም አያናግርህም፣ አንተም አታናግርም።

ያን ዓመት በሩ ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች አንደኛው ጠመንጃውን ወደ እኛ የደገነ ባለ ባርኔጣ ፈረሰኛ፣ ሁለተኛው ገበያ መሐል ቆማ የምታለቅስ ህንዳዊት ነበሩ። ለፈረሰኛው የፖሊሱ ልጅ ጥላሁን ቆመ። ለሴትዮዋ የቆመው ጓደኛዬ ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን የቄስ ልጅ ነበር፤ ከሕዳር ሚካኤል ማግስት ዲማ ወርዶ ቅኔ ሊማር አባቱ ቆርጠዋል። ዲማ ፊልም የለም። ስለዚህ ለሌሎቻችን የዓመት ጉዳይ የሆነው ለእሱ የመጨረሻው ነበር።

"ጌታዬ ዳኛ" አለ ሙሉቀን፣ "ፈረሰኛው ምን አለው? ፈረስና ጠመንጃ። ፈረስና ጠመንጃ የጥላሁን አባትም አላቸው፤ ማን እንቁላል ከፍሎ አየላቸው?"

"የአባቴን ስም ከአፍህ አውጣ" አለ ጥላሁን።

"ይህች ሴት ግን ታለቅሳለች። ማን ገደለባት? ማን ነጠቃት? ፈረሰኛው እንደሚተኩስ ከአሁኑ አውቀነዋል። የእሷን ግን እንጠይቃለን፤ እንቁላል የሚከፈለው ለማይታወቅ ነገር ነው።"

"ለቅሶ በነፃም ሞልቷል" አለ ጥላሁን። "ነገ ሞት የገባበት ቤት ሄደህ እስክትጠግብ እይ።"

ችሎቱ ሳቀ፤ ፍርዱ ግን ለሙሉቀን ሆነ። "ዋስ ጥራ" ዘውዱ ሲለው ሙሉቀን በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ በዚያን ሰዓት አፌን ሽምብራ ሞልቼ ነበርና እምቢ ማለት ብፈልግ እንኳ ቦታ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው እሁድ የድል ቀን ነበር። ህንድኛው ለማንም ስለማይገባ ጋሽ ደጉ በዘንግ እየጠቆመ ይተረጉምልናል። "ልጇ ገበያ ላይ ጠፋባት። ይኸው ትፈልገዋለች። አላገኘችውም።" መጋዘኑ በለቅሶ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ጥላሁን እንኳ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ አለ። ሳምንቱን ሙሉ በፊልሙ ገበያ ከታዩት ሁሉ ልጁን ማን ወሰደው እያልን ስንከራከር ከረምን፤ መምህራችን ከሰሌዳው ዞር ባሉ ቁጥር አንዱ "ዝሆኑ ነው" ይላል፣ ሌላው "ነጋዴው ነው" ይላል። ሙሉቀን በመንገድ ሲሄድ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ነበር።

በሁለተኛው እሁድ ስንደርስ መጋዘኑ በር ላይ ጭነት ያዘሉ አህዮች ተሰልፈዋል። ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ገብሱም ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። ሐጂ ሰይድ መቁጠሪያቸውን እያገላበጡ፣ "ደጉ፣ ዛሬ ካልጨረስክ ገብሱን አናትህ ላይ ነው የማራግፈው" አሉት። ጋሽ ደጉ ለሁለት እሁድ የቀረውን ፊልም በአንድ እሁድ ሊጨርስ መሐሉን ዘለለው። መብራቱ ሲጠፋ ያ የጠፋው ሕፃን ጢም አውጥቶ ሊያገባ ሽር ጉድ ይላል። እናቱ ግድግዳ ላይ ፎቶ ሆናለች፣ አበባ አንጠልጥለውላታል። ጋሽ ደጉ በዘንጉ ጠቆመና፣ "እንግዲህ እሷም ሞተች" አለ። ሙሽራው ዘፈነ፤ አለቀ።

ማን አገኘው? እሷስ ሳታገኘው ነው የሞተችው? ከውጭ አህዮቹ ብቻ ይሰማሉ።

ዘውዱ እዚያው ደጅ ላይ ቁና አስደፍቶ ተቀመጠ። ሙሉቀን ፊልሙ ተቆርጧል ብሎ ተከራከረ፣ ጋሽ ደጉ ይመስክርልኝ አለ። እኔ ሮጬ ጎትቼ አመጣሁት። ጋሽ ደጉ አንድ ጊዜ ሙሉቀንን፣ አንድ ጊዜ ቅርጫታቸውን ታቅፈው የቆሙትን እትዬ ዘይነብን አየ። እንቁላላችንን መልሱ ቢባል ምን ሊመጣ እንደሆነ ገብቶታል።

"እኔ ፊልም አልቆርጥም" አለ። "ሲሠራም እንዲሁ ነው የተሠራው።"

ጋሽ መቀስ ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለው። ዘውዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ፈረደ፤ "በንጉሥ አምላክ፣ እስከ መስቀል ከማንም ጋር እንዳትነጋገሩ። እርስ በርሳችሁም ጭምር።"

የመጨረሻዋን ቃል ከየት እንዳመጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። ታስታውሱ እንደሆነ በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ ከተባለ የሚሮጥ ሌባ እንኳ ይቆማል። እኔ ግን ገና መጋዘኑን ሳንዞር ጣስኩት። "ሙሌ፣ እንደኔ እንደኔ ዝሆኑ ነው ያሳደገው" አልኩት። ሙሉቀን ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ጥሎኝ ሄደ።

ልጆቹ ዝምታውን ወዲያው ጨዋታ አደረጉት። ሙሉቀንን ማናገር ነውር ነው፤ ማስጮህ ግን አልተከለከለም። ይቆነጥጡታል፣ ያደናቅፉታል። አንድ ቀን ጥላሁን ሳማ ቆርጦ በአንገትጌው ሰደደበት። ሙሉቀን ነጠላውን ነክሶ አንገቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ቆመ እንጂ ትንፍሽ አላለም። እነሱ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። ለእኔ ያሰቡልኝ ሳማ እንኳ አልነበረም፤ እኔን ያሰቃየኝ የራሴ ቀልድ ነው። የማይነገር ቀልድ ሆድ ይነፋል። በመጨረሻ ለዶሮአችን እነግራት ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ እንቁላል መጣል አቆመች።

ሙሉቀን በየቀኑ አጠገቤ ይሄዳል። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። "ማንም የለም፣ አንዲት ቃል ብቻ በል" እለዋለሁ። ወደ ሰማይ ያይና ራሱን ይነቀንቃል። ዘውዱን ፍርዱን አንሳልኝ ብዬ ለመንኩት፣ ሊሄድ ነው አልኩት። "አናግረኸኛል፤ በአንተ ላይ ይጨመርብሃል" አለኝ።

ሕዳር ሚካኤል አለፈና በማግስቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከአባቱ ኋላ ወጣ። እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኘሁት። ያን የተዘለለውን የፊልሙን መሐል ከራሴ ፈጥሬ ተረኩለት፤ ዝሆኑን፣ ነጋዴውን፣ እናትየዋ በር ላይ ደርሳ ሳታውቀው የምትመለስበትን። አንገቱን አቀርቅሮ ሰማ። ቄሱ ዞረው፣ "በል ጓደኛህን ደኅና ሁን በለው እንጂ፣ ምላስህን ከወዲሁ ለቅኔ አስቀመጥከው?" አሉት። ሙሉቀን እጄን ጨብጦ ሄደ።

መስቀል መጣ፣ ፍርዱ አበቃ፣ እሱ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ንጉሡም ወረዱ፣ የእህል መጋዘኑም ተወረሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ ይጁቤ ገበያ ላይ አየሁት፤ ነጭ ጥምጥም፣ ሽበት ጣል ያደረገበት ጢም፣ መሪጌታ ሆኗል። "ሙሌ" አልኩት። ቆም ብሎ አየኝ፣ ነጠላውን ወደ አፉ ከፍ አደረገ፣ እጅ ነስቶኝ አለፈ። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ አላወቀህም ይሉኛል። እኔ አላምናቸውም። ካላወቀኝማ እግዜር ይስጥልኝ ይል ነበር።

ዛሬ ልጄ ስልኳን ይዛ ሶፋ ላይ ተጋድማለች። በየወቅቱ አዳዲስ የጃፓን ተከታታይ ካርቱን ይወጣል፤ እሷና ጓደኞቿ የትኛው እንደሚታይ በስልክ ይመካከራሉ። ችሎት የለ፣ ዋስ የለ። ትናንት አንዱን ከፍታ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ "ቅራቅንቦ" አለችና በአውራ ጣቷ ገፍታ ጣለችው።

"ይህን እዪው ያለሽ ማን ነው?" አልኳት።

"አንድ የክፍሌ ልጅ።"

"እና አሁን እሱን ምን ልታደርጉት ነው?"

"ምን እናደርገዋለን?"

"ማለቴ፣ ነገ ታናግሪዋለሽ?"

ከስልኩ ቀና ብላ ትኩሳት እንዳለኝ ልታረጋግጥ የፈለገች ይመስል ግንባሬን አየችው። "አባዬ ደግሞ፣ ለምን አላናግረውም?" አለችኝ።