የደበቅኩት የማሳ ሽቦ

ይህን የሰማ ሰው የለም። ባለቤቴ አልሰማችም፤ የንስሐ አባቴም አልሰሙም። ፊታቸው ተንበርክኬ ስካሬንና የአፌን ክፋት ዘርዝሬ ተነስቻለሁ፤ እዚህኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እንግዲህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ፤ ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል።

እኔ ጅቡቲ፣ ካርቲየ አምስት ሰፈር የምኖር የከባድ መኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ከአዲስ አበባ የሚወርዱት ሾፌሮች እጄን ያምናሉ። ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ማዳም የአትክልት ቦታዋን ትራክተር ባትሪዎች እንድቀይርላት አስጠራችኝ። ትራክተሯ ትንሽ፣ አሮጌ፣ በባትሪ ብቻ የምትሄድ ነበረች። የሚነዳት አትክልተኛው ጋሽ ኢብራሂም ነው፣ የድሬዳዋ ሰው። ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳታል እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ስድስቱን አዳዲስ ባትሪዎች ደረደርኩ፣ እንዳይንቀሳቀሱ አሰርኩ፣ በተርታ አገናኘሁ። እስከዚህ ደህና ነበርኩ። ከዚያ እጄ የለመደውን አደረገ። በከባድ መኪና ላይ ኔጋቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል፤ እኛ ባለሙያዎቹ ማሳ እንለዋለን። ማሳ የሌለው መኪና ነክቼ አላውቅም። ይቺ ትራክተር ግን ሁለቱም ሽቦዎቿ ከብረቱ ተነጥለው እንዲቀሩ የተሠራች ናት። ወንበሩ ሥር በፈረንሳይኛ ተጽፎ ተለጥፏል። አየሁት፤ ግን ላነበው አልፈለግኩም። ማን ሊያስተምረኝ? ወፍራም ሽቦ አምጥቼ ኔጋቲቩን ከብረቱ ጋር አሰርኩ።

ጋሽ ኢብራሂም ጎንበስ ብሎ ሽቦውን በጣቶቹ ዳሰሰው።

«ይሄ እኮ ድሮ አልነበረም፣ ወንድሜ» አለኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ጎመንህን ጠብቅ» አልኩት።

ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ስሄድም የባትሪዎቹ ብሎን ከላላ አጥብቀው ብዬ መፍቻ ሰጠሁት። እጀታው በላስቲክ እንኳ ያልተጠቀለለ ራቁቱን ብረት ነበር። እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ በዚህ እጄ።

በሳምንቱ ባትሪዎቹ ቻርጅ ላይ ባደሩበት ጠዋት፣ ጋሽ ኢብራሂም አንዱ ብሎን ላልቶበት ሊያጠብቀው ጎነበሰ። መፍቻው ፖዘቲቩን እንደያዘ ጫፉ የትራክተሯን ብረት ነካ። ያ ሽቦ ባይኖር ምንም አይሆንም ነበር። እሳት ፈነጠቀ፤ ከባትሪዎቹ የወጣው ጋዝ ተቀጣጠለ፤ አንዱ ባትሪ ፈንድቶ አሲዱ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ተጠርቼ ስደርስ ማዳሟ በጎማ ቧንቧ ዓይኑን እያጠበችው ነበር። «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል። እኔስ ምን አደረግኩ? ሮጬ ደገፍኩት? አይ! ማንም ሳያየኝ ሽቦውን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የሰው ዓይን እየጠፋ እኔ ሽቦ ደበቅኩ። ማዳሟ ስትጠይቀኝም የባትሪውን ሁለት ጫፎች በመፍቻው አገናኝቶ ነው አልኳት። ሆስፒታል ሄጄ ለራሱም ይህንኑ ደገምኩለት። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ፣ ግራው ደከመ፣ ከሥራው ተባረረ።

ምን ፈርቼ? ሾፌሮቹ እጁ አይታመንም እንዳይሉኝ? ለዚህች ብዬ ነው?

የከፋው ግን እሱ ማመኑ ነው። ዛሬ ካርቲየ ሰባት፣ እህቱ ሱቅ ደጃፍ ይውላል። ረመዳን ሊገባ ሲል ሙስሊሞቻችን አፉ ይባባላሉ፤ ይቅር ይባባላሉ ማለት ነው። እሱም በየዓመቱ እየላከ ያስጠራኛል። «ሥራህን አበላሸሁብህ፣ ስምህን አስነሳሁብህ፤ አፉ በለኝ» ይለኛል። እኔን! በየዓመቱም አፉ ብዬው እመለሳለሁ።

ትናንት ሽቦውን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ምንም ሳልናገር እጁ ላይ ላስቀምጥለት ነበር፤ ጣቶቹ ያውቁታል። ገና ሳልቀመጥ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዘንድሮስ አፉ ትለኛለህ?» አለኝ።

አላወቅኩም ነበር አልላችሁም፤ ሽቦውን ስፈታው አውቄ ነው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ሽቦው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እሱ እጄን ይዞ ይጠብቃል፣ እኔም አፌን ከፈትኩ።

«አፉ ብዬሃለሁ፣ ጋሼ» አልኩት።