የበሬው ወጌሻ

ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ማለት ያሳፍረኛል። ወርዋሪ ነበርኩ። ከመስመር የወጣችን ኳስ በእጄ አንስቼ ግብ ጠባቂው አፍንጫ ሥር እጥላት ነበርና የአርብ ገበያ ከተማው የሰፈራችን ቡድን አራት ዓመት ሙሉ ያሰለፈኝ ለዚህ ብቻ ነው። በእግሬ ኳስ ስነካማ የራሴ ሰዎች ያፏጩብኝ ነበር።

የቡድኑ ነገር ዛሬም ያጥወለውለኛል። ማሊያው የጋራ ነው፤ የሚታጠበው ውድድር ሲያልቅ ነው። የሌላ ሰው ላብ የደረቀበትን ጨርቅ በአፍንጫዬ እንዳልተነፍስ እየተጠነቀቅሁ አጠልቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ የባሰብኝ ግን የአንድ ሽማግሌ ቅቤ ነው።

ንፋስ መውጫ ከተማ ለሚደረግ ውድድር በተላከልን ቅጽ ላይ «ወጌሻ» የሚል ቦታ ነበር። ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ማለታቸው ነው። አሰልጣኛችን ግን ቦታውን ለመሙላት ያህል እውነተኛ ወጌሻ አመጣ፤ የሰው አጥንት የሚጠግኑ፣ ሲቸግርም የበሬ እግር የሚያስሩ አዛውንት። በትንሽ ቅል የከረመ ቅቤ ይዘዋል። ሽታውን ሸሽተን ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ብቻቸውን አስቀመጥናቸው። «የበሬው ወጌሻ» እያልን መንገዱን ሙሉ ሳቅን።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ቀኝ ትከሻዬ እንደ እሳት ፈጀኝ። ሽማግሌው በዚያ በሚከረፋ ቅቤ አሹኝ፤ በነጠላ ቁራጭ ጠፍረው አሰሩኝና ወደ አሰልጣኙ ዞሩ።

«ይሄ ልጅ ነገ እንዳይወረውር። ከወረወረ ይወልቃል።»

«ግድ የለም አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለዞን የሚመርጡት ሰዎች ነገ ይመጣሉ» አለ እሱ።

ማንም አላስገደደኝም። ለዞን መመረጥ እፈልግ ነበር። ጠዋት ቧንቧ ሥር ቆሜ ማሰሪያውን ፈታሁ፤ መራጮቹ እንዳያሸቱኝ ብዬ ቅቤውን በሳሙና ፈግፍጌ አጠብኩ። ሽማግሌው ከወዲያ ሆነው አዩኝ።

ወረወርኩ። ኳሷ የት እንደወደቀች አላየሁም። ጎል ሆኖ ነበር መሰል አሰልጣኙና ተጫዋቾቹ ሲተቃቀፉ አየሁ። እኔ መሬት ላይ ነበርኩ። ወደ እኔ የሮጡት ሽማግሌው ብቻ ናቸው፤ ጋቢያቸው ሜዳው ላይ ቀርቷል። አጥንቱን ወደ ቦታው መለሱት፤ ክንዴን ግን የመለሰው የለም። መራጮቹም ስሜን አልጠየቁም።

አሁን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አስተምራለሁ። ክንዴ ከሰሌዳው ላይኛው ጫፍ ስለማይደርስ የዕለቱን ቀን የሚጽፉልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ለመስቀል አገሬ ስገባ አሰልጣኙ ያንን ጨዋታ ያነሳል፤ ስለ ጎሉና ስለ በሬው ወጌሻ። አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሽማግሌው ትከሻ ሲያሹ ያሳያል። እሳቸው ሞተዋል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ቀኝ ክንዴን በግራዬ ደግፌ አብሬ እስቃለሁ፤ እየሳቅሁ ያቅለሸልሸኛል።