ጠርቶ የወጣ ውሃ

በቆሻሻ መድፊያው በር ላይ የሚሠራውን ሰውዬ ሾፌሮቹ «አጥማቂው» ይሉታል። ሥራው የመኪና ጎማ ማጠብ ነው። ፋብሪካዎቹ ዝቃጫቸውንና ኬሚካላቸውን ለዓመታት ሲገለብጡበት የኖሩት ጉድጓድ አሁን ይጽዳ ተብሎ፣ የተበከለው አፈር እየተዛቀ በገልባጭ መኪና ይወጣል። መኪኖቹ መርዙን በጎማቸው ይዘው አስፋልት ላይ እንዳይበትኑት እሱ ቱቦውን ይዞ በሩ ላይ ተገትሯል። ደንቡ አጭር ነው፤ ከጎማው የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ማንም አያልፍም። ሾፌሮቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ይራገማሉ፣ አንዳንዱም ይለማመጣል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላቸዋል፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ድካሙን ግን ለማን ይንገረው? በላስቲክ ቱታው ውስጥ ላቡ እስከ ቦቲው ይወርዳል። ጭምብሉ አፍንጫው ላይ ሰምበር አውጥቷል። ወገቡ አንዴ ከታጠፈ መቃናት ይጠላል። ጉድጓዱ ደግሞ ቢዛቅ ቢዛቅ ወይ ፍንክች፤ አንዱ ጥግ አለቀ ሲባል ከሥሩ ሌላ የዛገ በርሜል ብቅ ይላል። ዓለም ያቆሸሸውን አንድ ሰው በቱቦ አጥቦ ይጨርሰው ይመስል፣ ጠዋት ሲነሳ ገና ጫማውን ሳያስር ይደክመዋል።

በዚህ በጋ የሰፈሩ የቧንቧ ውሃ መጥፋት አበዛና የሚስቱ የጓሮ አትክልት ይጠወልግ ጀመር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዓይኗ ክር ማስገባት እምቢ ሲላት የስፌት መኪናዋን ሸጣ ጓሮዋን ያዘች። ያላት ጓሮው ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ልጃቸውም እሁድ እሁድ እየመጣች ጎመን የምትወስደው ከዚያው ነው። ባልየው ይህን እያየ አንጀቱ አልችል አለና አንድ ዘዴ መጣለት። መጨረሻ ላይ ከጎማው የሚወርደው ውሃ ጠርቶ የለም እንዴ? ለምን ዝም ብሎ ይፈስሳል? በጀሪካን እየቀዳ፣ በዚያ በተሰበረ ወገቡ እየተሸከመ በየማታው ቤት ያስገባ ጀመር። ተው ያለው ሰው አልነበረም፤ እሱም ማንንም አልጠየቀም።

አንድ ቅዳሜ ውሃውን ለመመርመር ከላብራቶሪ የተላከች ወጣት ጠርሙሶቿን ይዛ በሩ ጋ መጣችና ከመጨረሻው እጣቢ ቀዳች።

«ይሄንንማ ብትጠጪውስ?» አላት ሊያጫውታት።

«ኧረ አባባ፣ እንዲህ አይበሉ» አለች ክዳኑን እያጠበቀች። «የጠራው ጭቃው ነው እንጂ መርዙ የት ሄዶ። ዓይን አያየውም እኮ።»

«ትንሽ ነው ግን፣ አይደል?»

«ትንሽ ነው። አፈር ላይ ሲደጋገም ግን ይጠራቀማል። ከዚያ ወደ ሥሩ፣ ከሥሩ ወደ ፍሬው ነው የሚሄደው።»

ከዚያ በኋላ ያጠበውን መኪና አላስታወሰም። የነፍሰ ጡር ልጁ ሆድ ብቻ ዓይኑ ላይ ድቅን ይልበታል። ነገ እሁድ ነው፤ ትመጣለች። ሳይነግራቸው አያድርም፤ ግን በምን አፉ?

ቤት ሲደርስ እጁ ባዶ ነበር። ሚስቱ ባዶውን እጁን አየች። ቁጭ ብሎ ነገራት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳያስቀር። ፊቷን ለማየት ግን ፈርቶ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

«እኔ እኮ አንድም ቀን አላጠጣሁበትም» አለችው።

ቀና አለ።

«ሽታው የዛገ ሚስማር ነው። የመጀመሪያ ቀን ነው የጠላሁት። ግን ያን ያህል ተሸክመህ መጥተህ አታምጣ ልበልህ? ቅር እንዳይልህ ብዬ ነዋ። አንተ ስትተኛ እደፋዋለሁ። ጎመኑን የማጠጣው በልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ነው።»

ሰውዬው ሳቀ፤ ከመሳቅ ይልቅ ማልቀስ ይቀናው ነበር። ያ ሁሉ ሸክም ለከንቱ መሆኑ ያን ማታ ከሹመት በለጠበት። ዝም አይነቅዝም የሚሉት እውነት ነው፣ የሚስቱ ዝምታ ልጁን አተረፈለት። እጇን ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ነው ጥያቄው የመጣበት።

«የት ነበር የምትደፊው?»

«ከአጥሩ ሥር ነው፤ ወደ ታች ይሄዳል…» አለችና አፏን ያዘች።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ዝቅ ብሎ፣ ብቻቸውን የሚኖሩት የጎረቤታቸው የእትዬ ጓሮ ነው። ሁለቱም ተነሱ። ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛንቃ ተጫምታ ከኋላው ተከተለችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያለ በልቡ፣ የእትዬን በር አንኳኳ።

እትዬ ሲያዩዋቸው ፊታቸው ፈካ። «እግራችሁን ማርያም ታቅናው፣ እኔም ልመጣላችሁ ነበር» አሉና አንድ ሳፋ ሙሉ ቲማቲም አንስተው ለሚስትየው አስታቀፏት። «ለልጃችሁ ነው። በዚህ ድርቅ ከአጥራችሁ ሥር ያለው እንዴት እንደተባረከ አትጠይቁኝ። እሷ ደግሞ ሰሞኑን አምሯት የለ፣ ሁልጊዜ እሁድ ስትመለስ ነው በዚህ በኩል ብቅ የምትለው። ለእናቴ አይንገሯት፣ የሷን ጎመን ናቅሽ ትለኛለች እያለች፣ እዚሁ ቆማ ነው የምትበላው።»

ሚስትየው ሳፋውን እንዳቀፈች ቀረች። ባልየው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«አይ ያንተ ሥራ፣ ጨረሰህ እኮ» አሉ እትዬ፤ የሚጠጣ ውሃ ሊያመጡለትም ወደ ውስጥ ገቡ።