ከመጀመሪያው ዛፍ ፊት

አጎቴ ጫካ ዘው ብለው ገብተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአርባ ምንጭ ከተማ ሥር ያለውን የምንጮቹን ጫካ የጠበቁ ሰው፣ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ዛፍ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቁና «ቆይ፣ መጀመሪያ ዓይን ይልመድ» ይሉ ነበር።

እኔ ከላይ ከተማው ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ለአኒሜሽን ፊልም የሚሆን ጫካ በኮምፒውተር እሠራለሁ። አንድ ቀን በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ጫካ ተቃጥሏል እንዴ?»

«ኧረ ጥላ ነው፣ አጎቴ!»

«የጫካ ጥላ መቼ እንዲህ ይጠቁራል? ቅጠሉ ብርሃኑን አጣርቶ ያሳልፈዋል። እጅህ ሳይቀር አረንጓዴ ይመስላል።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። በማግስቱ ጫካው ድረስ ይዘውኝ ወረዱ። ዓይኔ እስኪለምድ ቆሜ መዳፌን ዘረጋሁ፤ እውነታቸውን ነበር። ቤት ተመልሼ ብርሃኑ በቅጠሎቹ ውስጥ እንዲያልፍ ሳደርገው ጫካዬ ነፍስ ዘራ።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ በርጩማዋ ባዶዋን ናት፤ ከቦታዋ ግን አላነሳኋትም። ሰሞኑን በጨረስኩት ሥራ ላይ ካሜራው ከመጀመሪያው ዛፍ ፊት ሲደርስ ይቆማል፤ ጥላው ቀስ እያለ አረንጓዴ ሲሆን ይገባል።

ፊልሙን ያሠሩኝ ሰዎች «እዚህ ጋ ለምን ይቆማል?» አሉኝ።

«ዓይን እስኪለምድ ነው» አልኳቸው።