ካን የምንለው አብርሃም

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የሻምበል ጦራችን ከሰፈረበት ሸለቆ ተነስቶ ባለ ሁለት ጉብ ብለን ወደጠራነው ኮረብታ እንዲጠጋ፣ መቶ የሚባለው የእኛ ክፍል ደግሞ ቀድሞ ግርጌውን እንዲይዝ። ሠላሳ ሁለት ነበርን። ውሃ በኮዳ፣ ኮቾሮ የምንለው ደረቅ ብስኩት በኪስ፣ ጥይት ደግሞ ትከሻችን የቻለውን ያህል ይዘን ሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዝን። ስንደርስ ፀሐይ ወደ ኮረብታው ጀርባ አዘቅዝቃለች። አናቱ ላይ ለተጠመደው ዲሽቃ መትረየስ ግን እኛን ለማየት የሚበቃ ብርሃን ነበረው። የመጀመሪያውን ሰው ያጣነው ገና ምሽግ ሳንቆፍር ነው።

የጦርነቱን ስም አልጠራም። የተዋጋናቸው የዚሁ አገር ልጆች ነበሩ፤ ይህን የምጽፈውም ማን ትክክል እንደነበር ለመፍረድ አይደለም። ማርቆስ እባላለሁ፣ የጎምቦራ ወረዳ የሀቢቾ ልጅ ነኝ። ዛሬ ሆሳዕና መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። በግራ እግሬ ስለማነክስ ሾፌሮቹ «ወታደሩ» ይሉኛል። ልጆቻቸው አንዳንዴ ስለ ግንባር ይጠይቁኛል። እስካሁን የምመልስላቸው አጭር ነገር ነበር። አሁን ግን ስለ አንድ ሰው ሙሉውን ልጽፍላቸው ወስኛለሁ፤ ስለ አብርሃም።

አብርሃም የዱራሜ ልጅ ነው። ከመዝመቱ በፊት ሞባይል ይጠግን ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ። የእሱ ከምባትኛና የእኔ ሀዲይኛ ስለሚቀራረቡ፣ ሌላው እንዳይሰማን ስንፈልግ እሱ በራሱ እኔም በራሴ ቋንቋ እናወራ ነበር። ግማሹን እንግባባለን፤ ግማሹን ደግሞ በግምት እንሞላዋለን።

በነበርንበት ቦታ ኔትወርክ የለም። አብርሃም ግን መዳፍ የምታክል ሶላር ነበረችው፤ ስልኩን በእሷ ቻርጅ ያደርጋል። ስልኩ ውስጥ አንድ ጌም ነበር። ጌሙ የድሮውን የሞንጎል ድል አድራጊ ንጉሥ፣ ካኑን፣ ወስዶ ሌላ ዓለም ውስጥ ያስገባዋል። በዚያ ዓለም ተራሮች ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ተኩላዎች እንደ ሰው ይናገራሉ፣ ካኑም በጥቁር ፈረስ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይዘምታል። ወታደሮቹ ሲያልቁበት ነጋሪት ይመታል፤ የወደቁት አፈራቸውን አራግፈው ይነሳሉ። ተኩስ በማይኖርበት ሰዓት አምስት ስድስት ሆነን ትከሻው ላይ ተደርበን እናያለን። ለዚህ ነው «ካን» ያልነው።

እኛ የምንወደው ነጋሪቱን ነበር። «ምታው፣ ካን፣ ይነሱልን» እንለዋለን። እሱ ግን ነጋሪቱን ላለመምታት ይጥር ነበር።

«ይሄ ማጭበርበር ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ጎበዝ አዛዥ ሰው ሳይጨርስ ነው የሚያሸንፈው።»

ኮረብታውን ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከርን። ሁለቱንም ጊዜ ዲሽቃው መለሰን፤ በየሙከራው አንድ አንድ ሰው ተውን። በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ድንጋይ ተከልለን ተቀምጠን ሳለ አብርሃምን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ለቀልድ ብዬ ነበር።

«ካን፣ አንተ ብትሆን ይቺን ኮረብታ በምን ትይዛት ነበር?»

እሱ አልቀለደም። ስልኩን ኪሱ ከተተና ኮቾሮውን ሰባብሮ አፈሩ ላይ ደረደረ።

«እኛ መውጣት ካቃተን እነሱ ይውረዱ» አለ። «አንድ ጓድ፣ ዘጠኝ ሰው ያህል፣ ወጥቶ ይተኩስ። ከዚያ የተሸነፈ መስሎ ይሽሽ። ሲከተሉት በግራና በቀኝ የተደበቅነው ከኋላቸው እንዘጋለን። ካኑ ከተማውን ሁሉ የሚይዘው እንዲህ ነው።»

አስር አለቃ ደምሴ አጠገባችን ክላሹን ይወለውል ነበር። ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ፣ በሌሎች ግንባሮችም የከረመ ሰው ነው። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ልጄ፣ እዚያ ስልክህ ውስጥ የሚሸሸው ሰው እኮ ትንፋሽ አያጥረውም።»

ሳቅን። መቶ አለቃ ሙሉጌታ ግን ከኋላችን ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። መጥቶ አጠገባችን ቁጢጥ አለ።

«እስቲ እንደገና አሳየኝ» አለው።

በማግስቱ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። ዘጠኝ ሰዎች ወደ ላይ ወጡ። እኔና አብርሃም በግራው ክንፍ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ በደረታችን ተኝተናል። ዘጠኙ ተኮሱ። ዲሽቃው መለሰ። ዘጠኙ መሸሽ ጀመሩ፤ አንዱ ኮዳውን፣ ሌላው የጥይት ሣጥኑን ጣለ። ለጥቂት ጊዜ ላይኛው ምሽግ ዝም አለ። ከዚያ ጩኸት ሰማን። ወረዱ። እየሮጡ፣ እርስ በርስ እየተጠራሩ ወረዱ። አልፈውን እስኪሄዱ ጠበቅን። መቶ አለቃው ፊሽካ ነፋ። ዘጋንባቸው።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ከእኛ ሁለት ሰው ሞተ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮረብታው አናት ላይ ነበርን፤ ዲሽቃውም በእጃችን ገባ። ደስ አለን፤ ይህን አልደብቅም። አብርሃምን ተሸክመን ጨፈርን።

ከትከሻችን ሲወርድ ብቻውን ወደ ቁልቁለቱ ሄደ። ስለቆየ ተከትዬው ወረድሁ። አስር አለቃ ደምሴ የጠላትን አስከሬን እየቆጠረ ነበር፤ አስራ ዘጠኝ አለ። አብርሃም አንዱ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ልጁ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል። ተማሪ ሳይሆን አይቀርም።

«ማርቆስ፣ አምነውን እኮ ነው የወረዱት» አለኝ።

እጁን ይዤ አስነሳሁት። ወደ አናቱ አብረን ወጣን። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቻችን ጌሙን እንዲከፍት ለመኑት።

«አጥፍቼዋለሁ» አለ። ማንም ደግሞ አልጠየቀውም።

ወሬው ወደ ላይ ደረሰ። በራዲዮ ተመሰገንን። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ቀጥሎ ያለውን ሸንተረር በዚያው ዘዴ እንድንይዝ ታዘዝን። አብርሃም ትእዛዙን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ወደ መቶ አለቃው ሄደ። እኔም አብሬው ነበርሁ።

«መቶ አለቃ፣ ይሄ ሁለተኛ አይሠራም» አለ። «ከዚያ ቁልቁለት ያመለጡ ነበሩ። አሁን ሸንተረሩ ላይ ያሉት ጋ ደርሰዋል፤ ነግረዋቸዋል።»

መቶ አለቃ ሙሉጌታ ራዲዮው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

«ለበላዮቻችን ሦስቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ አብርሃም» አለ። «ይሄንኑ ነው የነገርኳቸው። ትእዛዙ አልተለወጠም።»

«እንግዲያው ከሚሸሹት ጋር ልሁን።»

መቶ አለቃው አንድ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «ስም ዝርዝሩ ተሞልቷል። ከሰው ጋር ከተቀያየርህ አልከለክልህም» አለ።

ከዝርዝሩ ውስጥ የእኔ ስም ነበር።

ውጭ ስንወጣ በከምባትኛ አናገረኝ። የተናገረውን በሙሉ አልያዝኩትም፤ ቁም ነገሩ ግን ገብቶኛል። «ሀሳቡ የእኔ ነው፣ አንተ በግራ ሂድ» ነው ያለኝ። «የጠየቅሁህ እኔ ነኝ» ልለው እችል ነበር። ተራዬን አልሰጥም ልለው እችል ነበር። አልተከራከርኩም። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ደስታ የሚመስል ነገርም ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ ግንባር ይዤ ከተመለስሁት ነገር ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አስር ሰዎች ወጡ። አብርሃም መሀል ነበር። ተኮሱ። ከላይ ጥቂት ጥይት ተመለሰላቸው። ዞረው መሸሽ ጀመሩ። እኛ ስምንታችን በግራ ተኝተን ጩኸት ጠበቅን። ጩኸት አልመጣም። ማንም አልወረደም። ሜዳው መሀል እስኪደርሱ ታገሷቸው፤ ከዚያ ሁለት ብሬን መትረየስ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ሦስቱ ደረሱ። ሰባቱ ቀሩ።

አብርሃም ከእኛ ሁለት መቶ ሜትር ቢርቅ ነው። በደረቱ ተኝቷል። ቀኝ እጁን ሲያንቀሳቅስ አየዋለሁ፤ ሣሩን ይይዛል፣ ይለቃል። ለመነሳት ስሞክር አስር አለቃ ደምሴ አንገቴን ይዞ ወደ መሬት ተጫነኝ።

«ከተነሳህ ስምንታችንም አለቅን» አለ። «ተኛ።»

ተኛሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እጁን ሳይ ቆየሁ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጉም ከሸንተረሩ ወረደ። ፊታችን ያለው ቁጥቋጦ ሲጠፋን ደምሴ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ሁለታችን በደረታችን ተሳብን። አብርሃም ነፍሱ አልወጣችም። ጀርባውን፣ ከትከሻው በታች ነው የተመታው። ሸራ ላይ አድርገን እየጎተትነው ሳለ ዓይኑን ገለጠና አወቀኝ።

«ሌሎቹ ተመለሱ?» አለ።

«ሁሉም ተመልሰዋል» አልሁት።

«ጥሩ» አለ። ምሽጋችን ከመድረሳችን በፊት አረፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሞርታር ፍንጣሪ ግራ እግሬን መታኝ፤ ሆስፒታል ከርሜ ተሰናበትሁ። ሆሳዕና ከተመለስሁ በኋላ ዱራሜ ለመሄድ ድፍረት እስካገኝ ሰባት ወር ፈጀብኝ። የዱራሜ መኪና በየቀኑ በፊቴ ይሞላል፤ ተሳፋሪ አስገባለሁ፣ እኔ ግን አልገባም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተራዬን ለባልደረባዬ ትቼ ገባሁ።

ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ታላቅ እህቱ አስቴር አስተማሪ ናት፤ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ነች። እናታቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ተነስተው አቀፉኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ከዚያ አስቴር ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ የመጣው ወረቀት በጀግንነት ወደቀ ይላል» አለችኝ። «እኛ የምንፈልገው የሆነውን ነው።»

የሆነውን ነገርኋት። ስለ ጌሙ፣ ስለ ኮቾሮው፣ ስለ መጀመሪያው ኮረብታ፣ በእኔ ቦታ ስለመግባቱ። እሷ ለእናቷ በከምባትኛ ትተረጉማለች። በእኔ ቦታ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያ እሱንም ተረጎመችው። እናትየው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ግማሹ ገብቶኛል፤ ግን እንዳልገባኝ ሆንሁ።

«ሲመታ ፊቱ ወዴት ነበር ነው የምትልህ» አለች አስቴር።

ፈራሁ። ጀርባውን ነው የተመታው። በወታደር ቤት ጀርባውን የተመታ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ ብዬ ሰጋሁ። መዋሸት አሰብሁ። አንድ ጊዜ ለእሱ ዋሽቻለሁ፤ ለእናቱ ግን አልቻልሁም።

«ወደ እኛ ነበር» አልሁ። «ጠላት ከጀርባው ነው። እሱ ወደ እኛ እየሮጠ ነበር።»

አስቴር ሳትተረጉም እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። በቋንቋቸው አንዲት ቃል ተናገሩ። እሷን ለመረዳት ማንም አላስፈለገኝም። እየመጣ ነበር ማለታቸው ነው።

የሞቱትን ልቁጠርና ላብቃ። በመጀመሪያው ምሽት አንድ። ኮረብታውን ለመውጣት በሞከርንባቸው ሁለት ቀናት ሁለት። ኮረብታውን በያዝንበት ጠዋት ሁለት። በሸንተረሩ ሰባት። ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፤ አስራ ሁለት።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እኔ ጠየቅሁ፣ እሱ መለሰ፣ መቶ አለቃው ሰማ፣ ከላይ ያሉት አዘዙ። እያንዳንዳችን ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው፤ ተደምሮ የሆነው ግን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ የመናኸሪያው ልጆች በጦርነቱ ስንት ሰው ሞተባችሁ ብለው ሲጠይቁኝ አስራ ሁለት አልላቸውም። በዚያ ቁልቁለት አምነውን የወረዱትን አስራ ዘጠኙንም ደምሬ ሠላሳ አንድ እላለሁ። ስማቸውን የማውቀው ግን የአስራ ሁለቱን ብቻ ነው።