በገዛ ደጄ «ቤቶች!» አልሁ

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በግርግሩ ጊዜ ኮኪት ያለ ቤቴን ጥዬ ጎንደር ልጄ ዘንድ ተጠግቼ ከረምሁ። ዘንድሮ «መሞቴ ካልቀረ በቤቴ ልሙት» ብዬ ተመለስሁ። ደጄን ብትሉ ቁመቴን የሚያክል አረም ውጦታል።

ፊት ለፊቱ ካሜራ ያንጠለጠለች ልጅ ቆማለች። የተጣለ ቤት እየዞሩ ፎቶ ማንሳት ነው አሉ ሥራዋ።

«እማማ፣ እንዲህ ሆነው እንዳይገቡ!» አለችኝ። «ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ እባብ አለ። መሬቱን በዱላ እየነኩ፣ ጣራውን እያዩ ነው የሚገባው።»

ቤቴ ነው ማለት አፈርሁ። በእጄ የመረግሁትን ግድግዳ «ይናድብዎታል፣ እንዳይደገፉት» ትለኛለች! ዱላዋንም ሰጠችኝ።

«ደግሞ መጀመሪያ ይጣሩ፤ ሰው ሊኖር ይችላል።»

ምን ላድርግ፣ በገዛ ደጄ ቆሜ «ቤቶች!» አልሁ።

«ማነው? በጓሮ በኩል ይምጡ!»

ሕፃን ያዘለች ሴት ብቅ አለች። እሷም እንደኔው ቀዬዋን ጥላ የመጣች ናት።

«የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ሞተዋል ብለውን ነው የገባነው» አለችኝ እየተሳቀቀች። «ዘመድ ነዎት?»

ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

«ነፍሳቸውን ይማር» አልኋት።