የጥጃ ዘር ሐረግ

በጃንሆይ ዘመን ዲላ በሚገኝ አንድ የሚሲዮን ግቢ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የእንስሳት ሥዕል የተለጠፈባቸው ካርቶኖች ተረከብኩ። ሥራዬ ከኖርዌይ ለሚመጡ ፈረንጆች አማርኛ ማስተማር ነበር። የመጀመሪያው ተማሪዬ ፓስተር ኒልስ ነው። አለቃዬም እሱ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሥዕሉን አነሣለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ ተማሪው ይደግማል። ፓስተሩ ግን አይደግምም፤ በእንግሊዝኛ ያስተምረኛል። «ጥጃ» ስለው «ካልቭ» ይላል፤ ባሕር ተሻጋሪ አባቶቹ «ካልፍር» ይሉት እንደነበር ይተርካል። የፍየል ግልገል ሳሳየው፣ እንግሊዞች «ኪድ» የሚለውን ቃል ከእሱ አያቶች ወስደው እንደቀሩ ነገረኝ። የበግ ግልገል ሳሳየው «ላም» አለ። በአገሩ ቋንቋ ልክ ነው። ወራት አልፈው እኔ የኖርዌይን ከብት ከነዘሩ ሳውቅ፣ እሱ «ደኅና አደሩ» ማለት ገና ይቸግረው ነበር።

«እርስዎ» ማለትን አስተምሬዋለሁ። ለአውራጃ ገዢው ይቆጥበዋል እንጂ ለእኛ አያወጣውም። ሠራተኛው ሁሉ፣ ሽበታሙ ዘበኛ ሳይቀር፣ «ልጄ» ነው።

ከእኔ ኋላ የተቀጠረ አቶ ዘውዴ የሚባል አስተማሪ ነበር። የፓስተሩን ቃላት ሸምድዶ ሻይ ሰዓት ላይ ያነበንባል። ሲያስተምር እምብዛም አላየሁትም፤ ራሱን እየነቀነቀ «ድንቅ ነው፣ ፓስተር» ሲል ግን አይቻለሁ።

አንድ ቀን ፓስተሩ፣ ጌዴኦኛ ስለምችል እንዳስተረጉምለት ፍስሐ ገነት ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደኝ። አንድ ቡና አምራች ሽማግሌ አግኝቶ፣ ጥጃ በጌዴኦኛ የሚጠራበት ስም ከየት እንደመጣ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት።

«ጥጃማ ከእናቱ ነው የሚመጣው» አሉ።

እንዳሉት ተረጎምኩ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ፓስተሩ እኔ ያሳቅሁበት መሰለው፤ ዲላ እስክንገባ አላናገረኝም።

በዚያው ሰሞን የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ። ፈረንጆቹን ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ይሰጣል ብዬ ጠበቅሁ። ለዘውዴ ተሰጠ። የፓስተሩ ቢሮ ገብቼ ምክንያቱን ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ አንቺ ገና ነሽ» አለኝ፣ እኔው ባስተማርኩት አማርኛ። ያኔ ወልጄ ያሳደግሁ ሴት ነበርኩ።

«ጥጃ እንኳ ጊደር ይሆናል፣ ፓስተር። እኔ የማድገው መቼ ነው?»

እርሳሱን አነሣ። «ጊደር? ይህን አላስተማርሽኝም። በእኛ ክቪገ ይባላል፤ ሥሩም...»

ሥሩን ሳልሰማ ወጣሁ።

ወደ አገሩ ሲመለስ የስንብት ንግግር አደረገ። አቶ ዘውዴን ከነአባቱ ስም ጠርቶ አመሰገነ። እኔን «ያቺ ልጃችን» አለኝ። የጥጃን ስም እስከ ምንጅላቱ ሲቆጥር የኖረ ሰው የእኔን አባት ስም አንድ ቀን አልጠየቀኝም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ «ልጄ» የሚል አለቃ ዕድገት አይሰጥም። ዕድገታችሁን ስትቀጠሩ ተዋዋሉ።